አባ ጳኩሚስ፤ አለቆችን ያሳደገ አለቃ

በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሌላ ሥራ አለቃ ሆኖ የተሾመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በራሱ እጅ በሠራው ሥራ ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያድር፣ ማንንም ሳያምን ሁሉን ነገር ራሱ የሚፈጽም አለቃ ትጉህ ይባላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው አለቃ በታመመ ወይም በሞተ ጊዜ የሠራው ሁሉ አብሮት ሲፈርስ ይታያል፤ ስለ ምን ቢሉ፣ ሥራውን እንጂ ሠራተኛውን አላሳደገምና ነው። የአለቃ እውነተኛ ፍሬ ከእርሱ በኋላ ሥራውን የሚይዙ ሰዎች መሆናቸውን በሕይወታቸው ካስረዱን አባቶች አንዱ፣ የአንድነት ገዳም ሥርዓት አባት የሚባለው ቅዱስ አባ ጳኩሚስ ነው። እርሱም ይህን ጥበብ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራው ከፈረሰበት በኋላ ስለ ሆነ፣ ታሪኩ ለሚሾሙትም ለሚሾሟቸውም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

አባ ጳኩሚስ በ292 ዓ.ም. ገደማ በላይኛው ግብፅ በእስና አውራጃ፣ ጣዖት ከሚያመልኩ ወላጆች ተወለደ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በሮም ቄሣሮች መካከል ጦርነት ስለ ነበረ፣ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በግድ ለወታደርነት ተይዞ በመርከብ ተወሰደ፤ በጉዞም ሳሉ በቴብስ ከተማ፣ ዛሬ ሉክሶር በምትባለው፣ በወኅኒ ቤት አሳደሯቸው። በዚያም የከተማው ክርስቲያኖች መብልና መጠጥ ይዘው መጥተው፣ ዘመዶቻቸው ያልሆኑትን፣ ከቶም የማያውቋቸውን እስረኞች መገቧቸው። ጳኩሚስም ስለ ምን ይህን እንደሚያደርጉ ጠይቆ ክርስቲያኖች መሆናቸውን በሰማ ጊዜ ልቡ ተነካ፤ ከዚያ እስራት ቢወጣ ዕድሜውን ሁሉ ለእግዚአብሔርና ለሰው አገልግሎት እንደሚሰጥ ተሳለ። በ313 ዓ.ም. ጦርነቱ አብቅቶ ወታደሮቹ ሲሰናበቱ ሸነሴት ወደምትባል መንደር ሄዶ ተጠመቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጰላሞን የሚባል ባሕታዊ አባት ዘንድ ገብቶ ሰባት ዓመት ያህል በጾም፣ በጸሎትና በእጅ ሥራ ተፈተነ። ሌላውን ከመምራቱ በፊት ራሱ በሌላው እጅ መመራትን ተማረ።

በ323 ዓ.ም. ገደማ በዓባይ ወንዝ ዳር ጠቤኔስ በምትባል ባድማ መንደር መኖሪያ እንዲሠራና መነኮሳትን እንዲሰበስብ መለኮታዊ ጥሪ መጣለት። አባ ጰላሞንም ሳይቀናበት አብሮት ሄዶ ማደሪያውን አሠራለት። ከዚያም በኋላ ወንድሙ ዮሐንስ መጥቶ አብሮት ኖረ። ጳኩሚስ ብዙ ሰዎች እንደሚመጡ አምኖ ግንቡን ሲያሰፋ፣ ዮሐንስ ግን በጠባብ በዓት መኖር ይሻላል ብሎ ይከራከረው ነበር። አንዱ ለራሱ ነፍስ የሚበቃውን፣ ሁለተኛው ገና ላልመጡት የሚሆነውን ያስብ ነበርና።

ሰዎቹም መጡ። ነገር ግን የመጀመሪያው ማኅበር የሆነው ነገር እጅግ የሚያስተምር ነው። አባ ጳኩሚስ በወኅኒ ቤት የተሳለውን ስእለት በማሰብ፣ የመጡትን ሁሉ እንደ አገልጋይ ሆኖ ተቀበላቸው። ምግባቸውን ራሱ አዘጋጀ፤ ገበያቸውን ራሱ ገበየ፤ ሲታመሙ ራሱ አስታመመ፤ ሥርዓት ግን አልሠራላቸውም፤ ከእነርሱም ምንም ሥራ አልጠየቀም። ትሕትናው አይቶ እንዲከተለው የሚያደርግ መስሎት ነበር። እነርሱ ግን ትሕትናውን እንደ ድካም ቈጥረው ናቁት፤ እንደ ባሪያም አዘዙት፤ ወደ እርሻ ሥራ ሲሄዱም ዕቃቸውን ሁሉ አሸከሙት። እርሱም ከአራት ዓመት በላይ ታግሦ፣ ሌሊቱን ስለ እነርሱ ሲያለቅስ አደረ። በመጨረሻ ግን ለጸሎትና ለማዕድ የሚሆን ሥርዓት አቆመላቸው፤ ያን አንቀበልም ባሉ ጊዜም ከገዳሙ አሰናበታቸው።

በዚህ ሥፍራ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ፍቅር ያለ ሥርዓት ብቻውን የቆመ እንደ ሆነ ተቀባዩን ያበላሻል። ሁሉን የሚሠራላቸው አባት ያገኙ ሰዎች ልጆች አልሆኑም፤ ጌቶች ሆኑ እንጂ። አባ ጳኩሚስም ከዚህ በኋላ ማገልገሉን አልተወም፤ ነገር ግን ሰውን ማገልገል ማለት ሸክሙን ሁሉ ከትከሻው ማንሣት ሳይሆን፣ የሚችለውን ሸክም እንዲሸከም ማስተማር መሆኑን ዐወቀ።

ስለዚህ ሁለተኛው ማኅበር በሌላ መሠረት ቆመ። መነኮሳቱ ሲበዙ በየቤት ከፈላቸው። አንድ ቤት አርባ ያህል ወንድሞችን ይይዝ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ ሰሌን የሚታቱ፣ ልብስ የሚሠሩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ድውያንን የሚያስታምሙ፣ እንግዳ የሚቀበሉ በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። በየቤቱ አንድ የቤት አለቃና አንድ ምክትል ሾመ። የማኅበሩን የየዕለቱን አገልግሎትም ቤቶቹ በሱባዔ ተራ እየተቀባበሉ ይሠሩት ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም በየተራው አገልጋይ፣ ሁሉም በየተራው ተገልጋይ ነበረ። ማንበብ የማይችል ቢመጣ ፊደል ይማር ነበር፤ የቅዱሳት መጻሕፍትን ቃልም በቃሉ ይይዝ ነበር፤ ማስተዋል የሌለው መታዘዝ እንዳይሆንበት።

ትምህርትንም ለራሱ ብቻ አልያዘም። የገዳሙ አበምኔት በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲያስተምር፣ የቤት አለቆች ደግሞ በጾም ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ቤታቸውን እንዲያስተምሩ ሠራ። ከትምህርቱም በኋላ ወንድሞች የሰሙትን እርስ በርሳቸው ይነጋገሩበት ነበር። የቤት አለቃ የሚሆነውም ለሌሎች የሚያዝዘውን አስቀድሞ ራሱ የሚፈጽም፣ በፍርድ የማያዳላ፣ በቍጣ የማይነዳ እንዲሆን በሥርዓቱ ተጻፈ፤ አለቃው ስለ ቤቱ ሰዎች ነፍስ ተጠያቂ ነበርና። በየዓመቱም ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በነሐሴ ወር፣ የገዳማቱ ሁሉ ወንድሞች የማኅበሩ ራስ በሆነችው በፐባው ገዳም ይሰበሰቡ ነበር። በነሐሴው ጉባኤ መጋቢዎች የዓመቱን ሥራና ወጪ ለዋናው መጋቢ ይቈጥሩ፣ አለቆችም ይሾሙ፣ የተቀያየሙም ይቅር ይባባሉ ነበር። ሒሳብና ይቅርታ በአንድ ጉባኤ መደረጋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሒሳብ ያለ ይቅርታ ጠብን፣ ይቅርታም ያለ ሒሳብ ዝርክርክነትን ይወልዳልና።

አለቆቹን ያሳደገው ግን በሥርዓት ብቻ አልነበረም፤ በየዕለቱ በሚያዩት ሥራ ነበር። አንድ ቀን በጠቤኔስ ተቀምጦ ሰሌን ሲታታ፣ የሳምንት ተረኛ የሆነ አንድ ብላቴና አልፎ ሲሄድ አይቶት፣ አባ ቴዎድሮስ ያስተማረን እንደዚህ አይደለም ብሎ ነገረው። የገዳማቱ ሁሉ አባት የሆነው ሽማግሌም ከመቀመጫው ተነሥቶ ብላቴናው እንዲያሳየው ለመነው፤ ተምሮም ሥራውን በደስታ ቀጠለ። በሌላም ጊዜ ወጣቱን ቴዎድሮስን በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲያስተምር አዘዘው። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ፣ ትናንት የመጣ ሕፃን ያስተምረናልን ብለው ተቈጥተው ወጡ። አባ ጳኩሚስ ግን እንደ አንዱ ወንድም ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከትምህርቱም በኋላ ሽማግሌዎቹን ጠርቶ፣ የወጡት ከሕፃን ፊት ሳይሆን ከእግዚአብሔር ቃል ፊት መሆኑን፣ ያስወጣቸውም ትዕቢት መሆኑን ገልጾ ገሠጻቸው።

ገሥጾ ማረምም ባስፈለገ ጊዜ አላፈረም። አንድ ጊዜ ከጕዞ ሲመለስ በወጥ ቤት የተሾመው ወንድም ለማኅበሩ የተቀቀለ አትክልት ማቅረብ ትቶ አገኘው። ሰውየው፣ መነኮሳቱ አብዛኞቹ ስለማይበሉት ጊዜዬንና ዘይቱን ከማባክን ሰሌን ብሠራ ይሻላል ብሎ አምስት መቶ ያህል ሰሌን ሠርቶ ነበር። አባ ጳኩሚስም ሰሌኖቹን ሁሉ በእሳት አቃጠላቸው። የታዘዘው ወንድሞችን እንዲመግብ እንጂ ገንዘብ እንዲያተርፍ አልነበረምና፤ ደግሞም ምግቡ ካልቀረበ፣ ወንድሞች በፈቃዳቸው የመተውን ዋጋ ያጣሉ፤ ድውያንና ሕፃናትም ይጐዳሉ። በረሃብ ዘመንም ስንዴ ሊገዛ የተላከ መጋቢ፣ የመንግሥት እህል ከያዘ ሹም ከገበያው ዋጋ እጅግ ባነሰ፣ ያውም በብድር ጨምሮ፣ ብዙ ገዝቶ በመጣ ጊዜ አልተመሰገነም። አባ ጳኩሚስ ገዳሙ ባለ ዕዳ በመሆኑና የሌላው ድርሻ በመነካቱ አዝኖ እህሉን አልተቀበለም፤ ያንንም ወንድም ከዚያ አገልግሎት አነሣው። የሥራ ማማር ብቻ ሳይሆን የሥራው ዓላማ መጠበቁ የአለቃ ጭንቀት መሆን እንዳለበት እነዚህ ሁለት ነገሮች ያስረዳሉ።

ከሁሉ የከበደው ፈተና ግን ከሚወደው ከቴዎድሮስ ጋር የሆነው ነው። ቴዎድሮስ ከእስና ባለጸጎች ወገን የሆነ፣ በወጣትነቱ ወደ ገዳም የገባ፣ በጠቤኔስ አበምኔትነት የተሾመ፣ የአባ ጳኩሚስም ቀኝ እጅ ነበረ። አንድ ጊዜ አባ ጳኩሚስ ለሞት የሚያደርስ ሕመም በታመመ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ ያለ አባት እንቀራለን ብለው ፈርተው፣ ከእርሱ በኋላ እንዲመራቸው ቴዎድሮስን ለመኑት። እርሱም ደጋግሞ እንቢ ካለ በኋላ እሺ አለ። አባ ጳኩሚስም ከሕመሙ ተነሥቶ ነገሩን በሰማ ጊዜ አለቆቹን ሰበሰበ፤ ከራሱ ጀምሮ እያንዳንዱ ጉድለቱን እንዲናገር አዘዘ። ተራው ሲደርስ ቴዎድሮስ ያን አሳብ መቀበሉን ተናዘዘ። አባ ጳኩሚስም ከሹመቱ ሁሉ አወረደው። ቴዎድሮስም ሁለት ዓመት ያህል ያለ ሥልጣን፣ በልቅሶና በንስሐ ኖረ።

ይህን የሚሰማ ሰው ቅጣቱ ከጥፋቱ ይበልጣል ሊል ይችላል፤ ቴዎድሮስ ሹመቱን ፈልጎ አልሄደም፤ ተለምኖ ነው እንጂ። ማኅበሩም ያለ እረኛ እንዳይቀር መፍራቱ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። ነገር ግን አባ ጳኩሚስ የተመለከተው ጥፋቱን ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ወደ ፊት የሚሸከመውን ሸክም ጭምር ነው። አለቅነትን የሚወድ አለቃ፣ ሌላው ከእርሱ ይልቅ ሲከብር አይታገሥም፤ ማኅበሩንም ይከፍላል። ፈተናው ምን ፍሬ እንዳፈራ ግን የታየው አባ ጳኩሚስ ከሞተ በኋላ ነው።

በ346 ዓ.ም. በገዳማቱ ቸነፈር ገብቶ ብዙ ወንድሞችና አለቆች ሞቱ። አባ ጳኩሚስም ታመመ። ቴዎድሮስ የከበደችውን ልብሱን አንሥቶ የተሻለች ቀላል ልብስ ቢያለብሰው፣ ለሌሎቹ ሕሙማን ያልተደረገ ለእርሱ ሊደረግ አይገባም ብሎ መለሳት። በእርሱም ፈንታ ጴጥሮንዮስ የተባለውን አባት ሾሞ ግንቦት 14 ቀን ዐረፈ። ዘጠኝ የወንዶችና ሁለት የሴቶች ገዳማትን ትቶ ነበር። ጴጥሮንዮስም በዚያው ቸነፈር ብዙ ሳይቈይ ሲሞት፣ ሆርሴስዮስ የተባለ ትሑት አባት ተተካ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የትሙሾንስ ገዳም አለቃ አጶሎንዮስ ለገዳሙ ለብቻው ሀብት ማከማቸት ጀመረ፤ ሆርሴስዮስ በገሠጸውም ጊዜ ከአንድነቱ ተለየ፤ ሌሎችም ሊከተሉት ተነሡ። የአባ ጳኩሚስ ሥራ ሁሉ በአንድ ትውልድ ሊጠፋ ተቃረበ።

ያን ጊዜ ሆርሴስዮስ ማኅበሩ ከሚፈርስ እኔ ልውረድ ብሎ ሥልጣኑን ለቴዎድሮስ ሰጠ፤ ይህም በ350 ዓ.ም. ገደማ ነበረ። በሥልጣን ምኞት ተከሶ የወረደው ቴዎድሮስም የተከፈለውን በትዕግሥት አስታረቀ። አለቃ ገዳሙን እንደ ርስቱ እንዳይቈጥር አለቆችን ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው ያዛውር ጀመር። ሆርሴስዮስንም እንደ አባቱ አከበረ፤ ያለ ምክሩ አልሠራም፤ ራሱንም የእርሱ ምክትል አድርጎ ቈጠረ። ዐሥራ ስምንት ዓመት እንዲሁ መርቶ በ368 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ሆርሴስዮስ ተመልሶ ማኅበሩን ያዘ። አባ አትናቴዎስ ሐዋርያዊም ስለ ቴዎድሮስ ሞት የማጽናኛ መልእክት ለሆርሴስዮስ ጻፈለት። አንዱ ሹመትን ለሌላው የሚለቅ፣ ሌላውም ሹመትን እንደ አደራ የሚይዝ ሆነው መገኘታቸው የአባ ጳኩሚስ ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው።

የሀገራችንም ገዳማት ከዚህ አባት ጋር የተያያዙ ናቸው። የምንኵስና ሐረግ ሲቈጠር ከአባ እንጦንስ ወደ አባ መቃርዮስ፣ ከአባ መቃርዮስ ወደ አባ ጳኩሚስ፣ ከእርሱም ወደ አባ አረጋዊ ይወርዳል፤ ሥርዓተ ጳኩሚስም ወደ ግእዝ ተመልሶ በመነኮሳት ዘንድ ሲነበብ ኖሯል። አበምኔት፣ መጋቢና ረድእ ያሉት የአንድነት ገዳም ሁሉ የዚያ ቤት ልጅ ነው።

እንግዲህ አበምኔት፣ የደብር አለቃ፣ የሰበካ ጉባኤ ሹም፣ የትምህርት ቤት ኀላፊ፣ የቤተ ሰብም ራስ የሆንህ አንባቢ ሆይ፣ ራስህን በዚህ ታሪክ መርምር። ዛሬ ብትታመም ሥራህን የሚይዝ ማን ነው? ከአንተ በታች ያለው ወጣት ሲያስተምር ቆመህ ትሰማለህን? ብላቴና ቢያርምህስ ከመቀመጫህ ትነሣለህን? ያጠፋውን ረዳትህን ስትቀጣውስ ልትጥለው ነው ወይስ ለሚበልጥ አገልግሎት ልታዘጋጀው? አንተም ረዳት የሆንህ፣ ከሹመት የወረድህም እንደ ሆነ፣ የቴዎድሮስን ሁለት ዓመት አስብ፤ ያ ዘመን የጠፋ መስሎ ሳለ፣ ማኅበሩ የዳነው በዚያ ዘመን በተማረው ትሕትና ነውና። የአባታችን የአባ ጳኩሚስ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።