የማርጌሪታ ስምና የአብሩዚው መስፍን

ከካምባ ደጋ ተነሥቶ አርባ ምንጭ የደረሰ መንገደኛ ተንጣሎ የሚያየው ሐይቅ አባያ ነው። በ1896 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ኢጣሊያዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ሐይቁን በንግሥቱ በማርጌሪታ ስም ሰየመው፤ ስሙም በውጭ አገር ካርታዎች ላይ ለብዙ ዘመን ታተመ። ከ10 ዓመት በኋላ ይኸው ስም በዩጋንዳና በኮንጎ ወሰን፣ በረዶ ለለበሰው ለሩዌንዞሪ ከፍተኛ ጫፍ ተሰጠ። ዛሬ የምናወሳው የዚህን ሁለተኛ ሰያሚ፣ የአብሩዚውን መስፍን የሉዊጂ አሜዴኦን ሕይወት ነው።

መስፍኑ አባታቸው የስፔን ንጉሥ ሳሉ በ1873 በማድሪድ ተወለዱ። ያደጉት ግን በኢጣሊያ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። በ1897 በአላስካ የሚገኘውን የቅዱስ ኤልያስን ተራራ ጫፍ ከሁሉ ቀድመው ረገጡ። በ1899 ወደ ሰሜን ዋልታ በጀመሩት ጉዞ ብርዱ ጣቶቻቸውን ስለ ጎዳቸው፣ የመጨረሻውን መንገድ ለባልደረባቸው ለኡምቤርቶ ካኚ ለቀቁ።

በሰኔ 1906 የአገሩ ሰዎች ባኮንዞዎች ጓዛቸውን ተሸክመውላቸው ሩዌንዞሪን ወጡ። 5,109 ሜትር ከፍታ ያለውን ጫፍ በአጎታቸው ሚስት በንግሥት ማርጌሪታ ስም ሲሰይሙ፣ አብሯቸው የነበረው ቪቶሪዮ ሴላ የበረዶውን ግግር ፎቶግራፍ አነሣ፤ ሌሎችም ከፍታውን ለኩ።

የኋላ ዘመናቸው ከአገራችን ጋር የተያያዘ ነው። በ1927 አዲስ አበባ መጥተው ራስ ተፈሪ መኰንንን ጎበኙ፤ በ1928 እና በ1929 የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ከምንጩ ጀምረው አጠኑ። በ1933 በሶማሊያ፣ በዚያው ወንዝ ዳር ባቋቋሙት የእርሻ መንደር ሞተው ተቀበሩ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1935፣ የኢጣሊያ ጦር ከሰሜንም ከሶማሊያም ተነሥቶ አገራችንን ወረረ።

ሩዌንዞሪ ከ1991 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በመስፍኑ ዘመን ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የነበረው በረዶ ዛሬ ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆኗል። ጎብኚው የጎደለውን የሚያውቀው በሴላ ፎቶግራፍ አስተያይቶ ነው።

ሐይቃችን ወደ ቀድሞ ስሙ ተመልሷል፤ በረዶውም እያለቀ ነው። ከዚያ ጉዞ የሚጠቅመን የተለካውና የተመዘገበው ነው። የጋሞ ደጋ በረዶ የለውም፤ ምንጭና ደን ግን አለው። እነዚህን ዛሬ ለክቶ የሚጽፍ የካምባ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለማንም ስም ሳያወጣ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሰው ማስረጃ ይተውለታል።