በአንድ ዓይን የታየ ብርሃን፦ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ሕይወትና የቤታችን ጉዳት

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደጋንም ሆነ በደሴ ኮረብታዎች ላይ በታነጹት መኖሪያዎች፥ የአንድ ክርስቲያን ቤተሰብ ኑሮ በታላላቅ ተአምራት የተሞላ አይደለም። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር ሕፃኑ ጀበናውን ይሰብራል፤ ለነገ የተቦካው ሊጥ ይደፋል፤ ላሟ ገመዷን በጥሳ የጎረቤት ማሳ ትገባለች፤ በክረምት ሌሊት የቤቱ ክዳን ያፈስሳል። እነዚህ ትንንሾቹ ናቸው። ከእነርሱ የሚከብዱም አሉ፤ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ይሰበራል፥ እሳት ፊትን ይለበልባል፥ ሕመም ዓይንን ያጠፋል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ይመለከታሉ፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ይጠያየቃሉ፤ ከዚያም አልፈው እግዚአብሔር ስለ የትኛው ኃጢአታቸው እንደ ቀጣቸው ማሰላሰል ይጀምራሉ።

ይህን ጥያቄ በሥጋው ተሸክሞ የኖረ፥ የመጨረሻ እስትንፋሱንም በዚህችው በወሎ ምድር የሰጠ አንድ ኢትዮጵያዊ አባት አለን። እርሳቸውም ሰማዕቱ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ስማቸውን ብዙዎቻችን በጸሎት እንጠራዋለን፤ ሕይወታቸው ግን ከቤታችን ምድጃና ከልጆቻችን አስተዳደግ ጋር ምን እንደሚያገናኘው የምናስብ ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 በጎጃም፥ በታላቁ ገዳም በመርጡለ ማርያም አካባቢ፥ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸውን አጡ። ለአንድ የገበሬ ቤት ይህ ቀላል ጉዳት አልነበረም። በዚያ ዘመን ወንድ ልጅ የሚለካው ሞፈር በመጨበጥና ጦር በመወርወር ነበርና፥ አካሉ የጎደለ ልጅ ለወላጆቹ የዕድሜ ልክ ሐዘን ተደርጎ ይቈጠር ነበር። ይሁን እንጂ የሀገራችን ቤተ ክርስቲያን አንድ መልካም ልማድ ነበራት፤ ለእርሻና ለጦርነት አይሆንም የተባለውን ልጅ የቆሎ ተማሪ ቤት እጇን ዘርግታ ትቀበለው ነበር። ዓይነ ስውራን የቅኔና የዜማ መምህራን ሆነው የተነሡት በዚህ መንገድ ነው። ትንሹ ገብረ ሚካኤልም ወደ ትምህርት ገቡ። በቀረችላቸው አንዲት ዓይን ብራናውን እያነበቡ ከሊቃውንቱ ጋር የሚቈጠሩ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የጠፋችው ዓይን አልተመለሰችም። እግዚአብሔር ሊቅ ለማድረግ ሲል የሕፃኑን ዓይን አጠፋ ብለን ብንናገር ደግሞ አባታችንን ጨካኝ ማድረጋችን ነው። በዮሐንስ ወንጌል ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ደቀ መዛሙርቱ ባዩት ጊዜ፥ ኃጢአቱ የእርሱ ይሁን የወላጆቹ ጌታን ጠየቁት። ጌታችን ግን ጥፋተኛ ፍለጋውን ዘጋና የእግዚአብሔር ሥራ በሰውዬው ወደሚገለጥበት ወደ ፊቱ አመለከታቸው። ትምህርቱ ይህ ነው። በቤታችን ጉዳት ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ በማን ጥፋት እንደ ደረሰ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት ውስጥ እግዚአብሔር ምን እንድንሠራ እንደሚጠራን ነው። አንድ ዓይኑን ያጣውን ልጅ አንድ ቤተሰብ በማእዘን ሊያስቀምጠው፥ ሌላው ግን መጽሐፍ ሊያስይዘው ይችላል። ጉዳቱ አንድ ሆኖ ሳለ ፍሬው የተለያየ ይሆናል።

አባ ገብረ ሚካኤል በመርጡለ ማርያም ከመነኰሱ በኋላ የምንኵስና ሕይወት እንደ ጥንቱ ሥርዓት ያልጸናበትን ምክንያት ለማወቅ ተነሡ። ከገዳም ወደ ገዳም እየተዘዋወሩ መጻሕፍትን መረመሩ፥ ጎንደርም ገብተው ከሊቃውንቱ ጋር ተወያዩ። ዘመኑ የመሳፍንት ዘመን ነበር። ሀገሪቱ በጦር አለቆች ተከፋፍላ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆችም በተዋሕዶ፥ በቅባትና በጸጋ ልጅ ወገን ተለያይተው ይከራከሩ ነበር። በአንድ ቤት የተወለዱ ወንድማማቾች በአባታቸው ርስት እንደሚጣሉ ሁሉ፥ በአንድ ጥምቀት የተወለዱትም ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅባት እስከ ደም መፋሰስ ደረሱ። አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ጠብ መካከል እውነትን ይፈልጉ ነበር።

በ1841 ከግብፅ ጳጳስ ለማምጣት የልዑካን ቡድን ሲላክ እርሳቸውም ተካፋይ ሆኑ። የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ልዑካኑን እንዲመሩ የለመኑት ጣሊያናዊውን የላዛሪስት ማኅበር ካህን አባ ዩስጢኖስ ደያቆቢስን ነበር። እኒህ አባት ሕዝቡ በፍቅር አቡነ ያዕቆብ እያለ የጠራቸው፥ በ1975 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸውን ያወጁላቸው ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በመጀመሪያ በዚህ የባዕድ ሀገር ሰው መመራትን አልወደዱም። ሃይማኖቱ እንግዳ ነበረባቸው፥ አመጣጡም አጠራጠራቸው። ሆኖም መንገዱ ረጅም ነበርና በረሃውንና ባሕሩን አብረው ተሻገሩ። ካይሮ ከደረሱ በኋላም ከልዑካኑ ጋር እስከ ሮም ዘልቀው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን ተገናኙ፥ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። በዚህ ሁሉ መንገድ አቡነ ያዕቆብ በክርክር ሊረቱአቸው አልተጣደፉም፤ በትሕትና አገለገሉአቸው እንጂ። ከተመለሱ በኋላ፥ ብዙ አስበውና መርምረው፥ በ1844 አባ ገብረ ሚካኤል ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ።

በየቤታችንም ያልመረጥነው የመንገድ ጓደኛ አይጠፋም። ልጃችን ባላሰብነው ወገን ትዳር ይይዛል፤ ሳንዘጋጅ እንግዳ ይመጣና ሳምንታት ይቈያል፤ የማንስማማው ዘመድ ታሞ በእኛ ቤት ይተኛል። ይህን ሁሉ እንደ ችግር እንቈጥረዋለን። አባ ገብረ ሚካኤል ያልወደዱትን ሰው በመንገድ ላይ ትተውት ቢመለሱ ኖሮ፥ የነፍሳቸውን ጥያቄ የሚመልስላቸውን ወዳጅ ባላገኙ ነበር። እንግዳውም በፊናው ቤተ ዘመዱን ሊገዛ ሳይሆን ሊያገለግል በመምጣቱ ነው የተወደደው።

ከዚያ በኋላ አባ ገብረ ሚካኤል በትግራይ፥ በአዲግራት አጠገብ በምትገኘው በጓላ፥ በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት የሀገራቸውን ወጣቶች አስተማሩ። የትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍትን በሀገር ቋንቋ በማዘጋጀትም አቡነ ያዕቆብን ረዱ። ጥር 1 ቀን 1851 በአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስና ተቀበሉ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 60 ዓመት ተጠግቶ ነበር። ልጃችን ከእኩዮቹ አንድ ክፍል ወደ ኋላ በመቅረቱ ቤቱን ለቅሶ ቤት የምናደርግ ወላጆች ይህን ማስታወስ ይገባናል። ሰው ዘገየ በሚለው ሰዓት እግዚአብሔር ገና እየጠራ ነው።

በ1854 ታላቅ መከራ መጣ። በአቡነ ሰላማ ግፊትና በደጃዝማች ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ሥልጣን፥ ካቶሊካውያን በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ታስረው ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤልና አራት ጓደኞቻቸው ግን እግራቸው በከባድ ግንድ ተጠርቆ ወራትን በወህኒ አሳለፉ። እምነታቸውን እንዲክዱ በማባበልም በማስፈራራትም ተጠየቁ፤ ሽማግሌው ግን አልተናወጡም። ካሣ በየካቲት 1855 በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላ አባ ገብረ ሚካኤልን በፊታቸው አቀረቡአቸው። በጭካኔም ተገረፉ፤ ግርፋቱ በቀረችው ደኅና ዓይናቸው ላይ ሳይቀር ማረፉን የሰማዕቱ ገድል ይተርካል።

በግንቦት 1855 መጨረሻ፥ የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በተገኘበት ሸንጎ የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ በምልጃም ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ያም ቢሆን ዕረፍት አልነበረም። ንጉሡ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ሲዘምቱ የ64 ዓመቱ ሽማግሌ በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር እንዲጓዙ ተደረገ። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ በሰፈሩም ወረርሽኝ ተነሣ። አባ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው እየደከሙ ሳሉ የተሰጣቸውን ጥቂት ምግብ ለታመሙት ያካፍሉ እንደ ነበር ተጽፎላቸዋል። በዚያው ክረምት ጨረጫ ገባባ በተባለ ስፍራ፥ በመንገድ ዳር፥ ሰንሰለቱ ከአካላቸው ሳይወጣ ነፍሳቸውን ለፈጣሪ ሰጡ። የቀበሩአቸውም ይጠብቁአቸው የነበሩት ወታደሮች ናቸው።

ከዚህ አሟሟት ለቤታችን ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው ስለ ማካፈል ነው። በማዕዳችን ላይ እንጀራው ያነሰ ዕለት ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ፍቅራችንም ነው፤ እናት ትነጫነጫለች፥ አባት ይቈጣል፥ ልጆች ይሻማሉ። አባ ገብረ ሚካኤል የነበራቸውን ሳይሆን የጐደላቸውን ሲያካፍሉ፥ ማካፈል ከሙሉ ጎተራ ሳይሆን ከሙሉ ልብ እንደሚወጣ አሳዩን። በወሎ ቤቶች አንድ ሰው ያልታሰበ እንግዳ ይዞ ሲገባ እንጀራው ይቈረሳል እንጂ እንግዳው አይመለስም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ያውቃል። ሰማዕቱ የሞቱበት ምድር ሰማዕቱ የኖሩትን ምግባር ዕለት ዕለት ይፈጽመዋል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ስለ እምነትና ስለ ግዴታ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ከሞቱ ከ23 ዓመት በኋላ፥ በ1878፥ ከደሴ ብዙ በማትርቀው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሊቃውንት ጉባኤ ሰበሰቡ። የሃይማኖቱ ክርክር በንጉሥ ፍርድ ተደመደመ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሡ ተገደዱ። በዚህም ብዙ ቤት ተለያየ፥ ብዙ እንባ ፈሰሰ። ዛሬ ይህን የምናነሣው የቀድሞ ቁስል ለመነካካት አይደለም፤ በየትኛውም ወገን ቢደረግ ጅራፍ ልብን እንደማያሳምን ለማስታወስ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል ወደ እምነታቸው የመጡት በትዕግሥትና በፍቅር ተስበው ነበርና፥ ሰንሰለት ከእርሱ ሊነጥላቸው አልቻለም። ልጁን በአርጩሜ ወደ ቅዳሴ የሚነዳ አባትም ይህን ያስብ። በቁጣ የተተከለ ጸሎት ቁጣው ሲያልፍ አብሮ ይነቀላል፤ በወላጅ ምሳሌነት የተተከለ ግን መከራ ሲመጣ ሥር ይሰድዳል።

ጠባቂዎቻቸውንም አንርሳ። እነዚያ ወታደሮች እስረኛውን እንዲጠብቁ እንጂ እንዲያከብሩአቸው አልታዘዙም ነበር። ነገር ግን ዕለት ዕለት የሽማግሌውን ትዕግሥት ያዩ ነበር። ስብከት አልተሰበከላቸውም፤ ያዩት አንድ ሰው ሕመሙን እንዴት እንደሚሸከም ነው። በቤታችን ውስጥም ልጆቻችን የሚያነቡን እንዲሁ ነው። ከትምህርተ ክርስቶስ ቃል ይልቅ፥ ጀበናው በተሰበረ ቅጽበት ከአፋችን የሚወጣውን ቃል ያጠናሉ። ስድብና እርግማን ቢሰሙ እግዚአብሔርም እንደዚያ የሚቈጣ ይመስላቸዋል፤ ስብርባሪውን አብረን ስንለቅም ቢያዩን ግን ምሕረት ምን ማለት እንደ ሆነ ሳይነገራቸው ይገባቸዋል።

ጥቅምት 3 ቀን 1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ የአባ ገብረ ሚካኤልን ብፅዕና በሮም አወጁ። አንድ ዓይኑን በማጣቱ ወላጆቹ ያዘኑለት የዲቦ ልጅ፥ በዓለም ባለችው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ፊት ከፍ ብሎ ታየ። በ2015 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከትን አቋቋሙ። የተወለዱበት ጎጃምና የሞቱበት ወሎ በዚህ ስያሜ ጎን ለጎን ተጠሩ።

እንግዲህ ወገኖች፥ በዚህ ሳምንት በቤታችን አንድ ነገር ይሰበራል፤ አንድ ነገር ይደፋል፤ ምናልባትም ከዚህ የከበደ ይደርሳል። የከበደው ሲደርስ እናልቅስ፤ ማልቀስ እምነት ማጣት አይደለም፥ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሶአልና። ካለቀስን በኋላ ግን ጥፋተኛ ስንፈልግ አንደር። የቀረልንን እንቍጠር፤ አንዲት ዓይን ቀርታ ከሆነ በአንዲቱ እናንብብ፤ ግማሽ እንጀራ ቀርቶ ከሆነ ግማሹን እንቍረስ። የተጎዳውን የቤተሰባችንን አባል በማእዘን አናስቀምጠው፤ ወደ ትምህርት፥ ወደ ሥራና ወደ ማዕድ እናቅርበው።

የሰማዕቱን ትዕግሥት ያጸና አምላክ ቤቶቻችንን ይጠብቅ፤ በጉዳታችንም ጊዜ እርስ በርሳችን የምንተያይበትን የምሕረት ዓይን ይስጠን። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።