በራት ላይ የተነገረ ቃል፤ የሮበርት ፉልተን የሕይወት ታሪክ

አባቶቻችን የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲሉ ኖረዋል። ምሳሌው ከባድ ነው። ነገር ግን ሰው ቃሉን የሚሰጠው ሁልጊዜ አስቦና መዝኖ አይደለም። ጨዋታ በደራበት ማዕድ ላይ፣ በሰው ፊት ጎበዝ መስሎ ለመታየት ሲል ከአፉ የወጣ ቃል ቢይዘው ምን ያደርጋል? ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው እንዲህ ባለ ቃል ተይዞ የምድርን ዙሪያ የዞረ የአንድ ወጣት ታሪክ ነው።

ሮበርት ኤዲሰን ፉልተን በ1909 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስሙ የእንፋሎት መርከብን ለሕዝብ ማመላለሻ ካበቃው ከቀድሞው ሮበርት ፉልተን ጋር አንድ ስለሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት እናስታውሳለን። አባቱ ማክ የተባለው የታወቀ የጭነት መኪና ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ልጁ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1931 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የሕንፃ ሥራ ትምህርት ለመቀጠል ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ቪየና ሄደ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ለንደን መጣ። ዕድሜው ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመት ነበር።

ለሕንፃ ተማሪ ለንደን ትልቅ መጽሐፍ ናት። የቅዱስ ጳውሎስን ካቴድራል ጉልላት፣ የፓርላማውን ቤት፣ የቴምስን ወንዝ ድልድዮች እያዩ መዋል ራሱ ትምህርት ነው። ፉልተንም እንደ ማንኛውም እንግዳ ከተማዋን ጎብኝቶ በመርከብ ወደ አገሩ ቢመለስ ማንም የሚወቅሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ማታ በራት ግብዣ ላይ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ወደ አገሩ የሚሳፈረው በቅርቡ እንደሆነ ጠየቀችው። ፉልተን ጥቂት እንኳ ሳያስብ፣ በመርከብ የሚመለስ ሳይሆን በሞተር ቢስክሌት ዓለምን የሚዞር መሆኑን ነገራት። እንዲህ ያለ አሳብ ከዚያች ደቂቃ በፊት በልቡ አልነበረም። ነገሩ በሳቅ ያልፍ ይሆናል ሲባል፣ ከማዕዱ ማዶ የተቀመጠ አንድ ሰው ጆሮውን አቀና። ሰውዬው በብሪስቶል አጠገብ የሚገኘው የዳግላስ ሞተር ቢስክሌት ፋብሪካ ኃላፊ ነበር። ወዲያው ለጉዞው የሚሆን ሞተር ፋብሪካው እንደሚያዘጋጅለት ቃል ገባ። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር ሥራ ያጣው ሰው ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር፤ ሞተር የሚገዛ ሰው በጠፋበት በዚያ ዘመን የፋብሪካው ሰው ስለ ዕቃው ምስክር የሚሆን መንገደኛ ቢያገኝ ደስ መሰኘቱ የሚያስደንቅ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። ወጣቱ ነገሩ ቀልድ መሆኑን ተናግሮ ሊያመልጥ ይችል ነበር። በማግሥቱ የይቅርታ ደብዳቤ ቢጽፍም ነገሩ ያበቃ ነበር። ነገር ግን በአንድ ወገን የሚያስፈራ መንገድ፣ በሌላው ወገን በራስ ላይ የሚመጣ እፍረት ሲቀርቡለት መንገዱን መረጠ። ቃሉንም ባዶ ፉከራ ሆኖ እንዳይቀር ፍሬ ነገር ሰጠው፤ በየአገሩ ያለውን የሕንፃ አሠራር በዓይኑ እያየ ሊማር አሰበ።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ለንደን ለእርሱ ሌላ ከተማ ሆነች ማለት ይቻላል። ለጎብኚ የጉልላትና የድልድይ ከተማ የሆነችው፣ ለመንገደኛ የቆንስላዎች፣ የካርታ መሸጫዎችና የመርከብ ቢሮዎች ከተማ ናት። ጉልላት የሚመለከት ተማሪ ስለ ጎማና ስለ ቤንዚን ማሰብ ግዴታው ሆነ።

ሞተሩ ሁለት ሲሊንደሮቹ በፊትና በኋላ የተጋደሙ ዓይነት ነበር። ቤንዚን በሌለበት አገር እንዳይቆም ሁለተኛ ሰልባትዮ ተጨመረበት። የሞተር ቢስክሌት ጎማ በየአገሩ ስለማይገኝ በመኪና ጎማ እንዲሄድ ተደረገ። ከሞተሩ ሥር፣ ከድንጋይ በሚከላከለው ብረት መካከል ደግሞ ሽጉጥ የሚደበቅበት ቦታ ተበጀ። እንዲህ የተደበቀ ሽጉጥ በችግር ጊዜ ቶሎ እጅ እንደማይገባ አንባቢ ይረዳል፤ እንግዲህ ከሽጉጡ ይልቅ ጎማው የበለጠ የታሰበበት ዝግጅት ነበር። የሲኒማ ማንሻ ካሜራም ከጓዙ ጋር ጫነ። በጉዞው ሁሉ ያነሳው ፊልም ርዝመቱ 12,000 ሜትር ያህል ነው።

በ1932 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከለንደን ተነሣ። አውሮፓን አቋርጦ በባልካን አገሮች በኩል ወደ ቱርክ፣ ከዚያም ወደ ሶርያ ወረደ። የሶርያን በረሃ ተሻግሮ ባግዳድ ገባ። በሕንድና በአፍጋኒስታን ድንበር ባለው ተራራማ አገር ተኩስ ወረደበት፤ ሆኖም በሕይወት አለፈ። ከዚያ ወደ ሱማትራና ወደ ጃቫ ደሴቶች፣ ወደ ማላያ፣ ወደ ሲያም፣ ወደ ኢንዶቺና፣ ወደ ቻይናና ወደ ጃፓን ዘለቀ። ባሕሩን በመርከብ፣ የብሱን በሞተር እያቋረጠ በመጨረሻ የአሜሪካን ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አልፎ በ1933 ዓ.ም. ታኅሣሥ 24 ቀን፣ በገና ዋዜማ፣ ኒውዮርክ ደረሰ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር በመንገድ ላይ ቆይቶ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። የጉዞውን ታሪክ የያዘው መጽሐፉ በ1937 ዓ.ም. ታተመ።

ከዚህ በኋላ የኖረው ኑሮ ከጉዞው የተማረውን ያሳያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ተኳሾች የሚለማመዱበትን መሣሪያ ሠራ። በ1946 ዓ.ም. ክንፉንና ጅራቱን ፈትቶ በመንገድ ላይ እንደ መኪና የሚሄድ አውሮፕላን አበረረ፤ መሣሪያውም በ1950 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት የምስክር ወረቀት አገኘ። ገንዘብ ግን አላገዘውምና በብዛት ሳይሠራ ቀረ። ፉልተን በዚህ ተስፋ አልቆረጠም። አውሮፕላን ሳያርፍ ሰውን ከመሬት የሚያነሣበትን ዘዴ ፈለሰፈ። ሰውዬው ታጥቆ ይቀመጣል፤ ፊኛ 150 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ገመድ ወደ ሰማይ ይዞ ይወጣል፤ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ላይ ባለው መንታ ቀንድ ገመዱን ጠልፎ ሰውዬውን ይወስዳል። ዘዴው በ1958 ዓ.ም. በሰው ተፈተነ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ የነበሩ ሁለት መኮንኖች በዚሁ ተነሥተዋል። ፉልተን በ2004 ዓ.ም. በዘጠና አምስት ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ያቀረብነው ሁሉም በሞተር ዓለምን ይዙር ለማለት አይደለም። በስብሰባም ሆነ በማዕድ ላይ ቃል መስጠት ቀላል ነው። ከባዱ በማግሥቱ ተነሥቶ ለቃሉ ጎማና ሰልባትዮ መፈለግ ነው። የፉልተን ወንድነት የተፈተነው ተኩስ በወረደበት ተራራ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ አስቀድሞ በለንደን ከተማ፣ ቀልድ ነበር ብሎ ማምለጥ እየቻለ ሳያመልጥ በቀረ ጊዜ ነው።