ጆን ስኮት ሃልዴን፤ ባሕር ጠላቂውን በደረጃ ያወጣ ሐኪም

በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በሁርጋዳ፣ በሻርም ኤል ሼክ፣ በዳሃብ፣ በአቃባና በኤላት፣ የታመቀ አየር በጀርባ አዝሎ ወደ ባሕር መጥለቅን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች መኖራቸው በመካከለኛው ምሥራቅ ለምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማሪነት አልፎ በዚሁ ሙያ አሠልጣኝ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ግን መዋኘት መቻሉና ውሃ አለመፍራቱ ብቻ አይበቃውም። ፓዲ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ድርጅት ለአሠልጣኝነት ፈተና የሚቀርበው እጩ ቢያንስ 100 ጊዜ መጥለቁን በመዝገብ እንዲያስመሰክር፣ ጤንነቱን በሐኪም እንዲያረጋግጥ፣ በፊዚክስና በፊዚዮሎጂ፣ እንዲሁም ከጥልቀት በደኅና ስለ መውጣት በሚሰጠው ትምህርት እንዲፈተን ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው በሰንጠረዥና በቁጥር የተሞላ ስለሆነ ሸምድዶ ማለፍን የሚመርጥ አይጠፋም። እኛ ግን የሕክምና ተማሪዎች እንደ መሆናችን መጠን፣ የሰው ነፍስ የሚጠበቅበትን ቁጥር ምክንያቱን ሳያውቁ ለሌላ ማስተማር አደገኛ ነው እንላለን። ስለዚህም የሰንጠረዡን አባት የጆን ስኮት ሃልዴንን ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ ተነሥተናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃልዴን በ1860 በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ባለ ርስትና ባለ ስም ነበር። ወንድሙ ሪቻርድ በኋላ የብሪታንያ የጦር ሚኒስትር ሆኗል፤ አጎቱ ጆን በርደን ሳንደርሰንም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስመ ጥር የፊዚዮሎጂ መምህር ነበር። እንዲህ ካለ ቤት የወጣ ልጅ ሹመትና ምቾት እንደሚጠብቀው ግልጽ ነው። ሃልዴን ግን በ1884 በኤዲንብራ በሕክምና ከተመረቀ በኋላ የባለ ጸጎች ሐኪም ሆኖ መቀመጥን አልፈለገም። ወደ ዳንዲ ከተማ ሄዶ ከባልደረቦቹ ጋር በሌሊት እየዞረ ድሆች ተጨናንቀው የሚያድሩባቸውን ክፍሎች አየር ይመረምር ጀመር፤ የትምህርት ቤቶችንና የቆሻሻ ውሃ ቦዮችን አየርም እንዲሁ። የዚህ ምርምር ውጤት በ1887 ታተመ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የሥራው ሁሉ መነሻ አንድ ጥያቄ ሆነ፤ ይኸውም ሰው የሚተነፍሰው አየር እንዴት እንደሚያኖረውና እንዴት እንደሚገድለው ማወቅ ነበር።

በጥር 1896 በዌልስ በታይለርስታውን የከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ 57 ሠራተኞች አለቁ። ሃልዴን ወደ ሥፍራው ሄዶ ሬሳዎቹን መረመረ። እስከዚያ ድረስ በእንዲህ ያለው አደጋ ሰው የሚሞተው በፍንዳታው ኃይል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እርሱ ግን ከሟቾቹ የሚበዙትን የፈጃቸው ከፍንዳታው በኋላ የተሠራጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ሽታና ቀለም የሌለው ጋዝ መሆኑን አሳየ። ይህን መርዝ ቀደም ብሎ በራሱ ላይ ሞክሮት ነበር፤ ከደሙ ሄሞግሎቢን ከግማሽ በላይ በመርዙ እስኪያዝ ድረስ እየተነፈሰ የሚሰማውን ሁሉ መዝግቧል። ትናንሽ እንስሳት ከሰው ቀድመው በመርዙ እንደሚወድቁም ስለ ተገነዘበ፣ ሠራተኞቹ አይጥ ወይም ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲገቡ መከረ። ካናሪ የተባለችው ወፍ በብሪታንያ ማዕድኖች እስከ 1986 ድረስ ለሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሆና አገልግላለች። በአገራችን በዝግ ቤት ከሰል አቀጣጥሎ ማደር ስንቱን እንደሚቀጥፍ ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከማዕድን ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ እንደሚመስለው ሩቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰፍነግ ለቃሚ የግሪክ ጠላቂዎችና በወንዝ ሥር በታመቀ አየር ውስጥ የድልድይ መሠረት የሚቆፍሩ ወዛደሮች በአንድ ዓይነት በሽታ ይጠቁ ነበር። ሥራ ላይ ሳሉ ደኅና ይሆኑና ወደ ውጭ አየር ከወጡ በኋላ መገጣጠሚያቸውን ያማቸዋል፤ ሽባ የሚሆንም፣ የሚሞትም ነበር። በኒውዮርክ በ1883 የተከፈተው የብሩክሊን ድልድይ ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በዚሁ በሽታ አካለ ስንኩል ሆኗል። ምክንያቱን በ1878 ያብራራው ፈረንሳዊው ፖል ቤር ነው። በከፍተኛ ግፊት ሥር የተነፈስነው ናይትሮጅን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በድንገት ሲነሣ ደግሞ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምናየው አረፋ ሆኖ ይወጣል። ቤር ቀስ ብሎ መውጣትን መክሮ ነበር። ምን ያህል ቀስ ብሎ፣ ከየትኛው ጥልቀትስ ምን ያህል ጊዜ ወስዶ ለሚለው ጥያቄ ግን አስተማማኝ መልስ አልተገኘም ነበር።

የብሪታንያ የባሕር ኃይል በ1905 ይህን የሚያጠና ኮሚቴ ሲያቋቁም ሃልዴን ተጠራ። መጀመሪያ ያደረገው ጠላቂዎቹ በጥልቅ ባሕር ለምን ቶሎ እንደሚደክሙና ራሳቸውን እንደሚስቱ መመርመር ነበር። ለዚህም በራሳቸው ላይ ከሚደፉት የብረት ቆብ ውስጥ አየር ወስዶ ቢለካ፣ ከሰውዬው ትንፋሽ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ አገኘው። ጥፋቱ የፓምፑ እንጂ የጠላቂው ድካም አልነበረም። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ የአየር ግፊት ልክ ስለሚጨምር፣ የሚላከውም አየር በዚያው መጠን መጨመር ነበረበት። ደካማ ነው እየተባለ ሲወቀስ የኖረው ሠራተኛ የሚተነፍሰው አየር አንሶት ኖሯል።

ቀጥሎ ወደ አረፋው ጉዳይ ገባ። በለንደን በሊስተር ተቋም በነበረው የብረት ክፍል ውስጥ ፍየሎችን በተለያየ ግፊት እያቆየ ያወጣ ነበር። በሽታው የጀመረው ፍየል አብዛኛውን ጊዜ አንድ እግሩን አንሥቶ ስለሚቆም ምልክቱ ግልጽ ነበር። ሃልዴን ያስተዋለው ቁም ነገር ይህ ነው። በ2 የአየር ግፊት፣ ማለትም በ10 ሜትር ጥልቀት ያህል የቆየ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ቢወጣ አይታመምም ነበር። ግፊቱ በግማሽ ሲቀነስ ሰውነት ከቻለው፣ ከ4 ወደ 2፣ ከ6 ወደ 3 ሲቀነስም ይችለዋል ብሎ አሰበ፤ በፍየሎቹም ፈተነው። በዚህም መሠረት በ30 ሜትር የሠራ ጠላቂ እስከ 10 ሜትር ድረስ ቶሎ ሊወጣ ይችላል፤ አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በየ3 ሜትሩ እየቆመ፣ ወደ ላይ በቀረበ ቁጥርም ቆይታውን እያስረዘመ እንዲወጣ ያስፈልጋል። ከጥልቁ ጀምሮ በእኩል ዝግታ መውጣት የሚለው የቀድሞው ልማድ ግን ጠላቂውን ገና ታች ሳለ ተጨማሪ ናይትሮጅን እንዲጠጣ ያደርገው ነበር። ከዚህም ሌላ ሁሉም የሰውነት ክፍል ናይትሮጅንን በአንድ ፍጥነት እንደማይቀበልና እንደማይለቅ ተረድቶ፣ ሰውነትን በ5፣ በ10፣ በ20፣ በ40ና በ75 ደቂቃ ግማሽ በግማሽ እየሞሉ በሚሄዱ አምስት ክፍሎች መስሎ አሰላው።

ስሌቱ ከፍየል ወደ ሰው መሻገር ነበረበት። ጋይበን ዳማንት የተባለው የባሕር ኃይል መኮንንና አንድሩ ካቶ የተባለው ባልደረባው በፈቃዳቸው መጀመሪያ በብረቱ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያም በ1906 በስኮትላንድ ባሕር በሎክ ስትራይቨን ተፈተኑ። 64 ሜትር ያህል ወርደው በሰንጠረዡ መሠረት እየቆሙ በደኅና ወጡ። ጥናቱ ሃልዴን ከአርተር ቦይኮትና ከዳማንት ጋር ሆኖ በ1908 ታተመ፤ ሰንጠረዡም የብሪታንያ፣ ቆይቶም የሌሎች አገሮች ጠላቂዎች መመሪያ ሆነ። ዳማንት ራሱ ከ1917 እስከ 1924 ድረስ ሎረንቲክ ከተባለችው የሰመጠች መርከብ 3,186 የወርቅ ጡቦች ያወጡትን ጠላቂዎች መርቷል።

በዚሁ በ1906 ሃልዴን የ13 ዓመት ልጁን ጃክን የጠላቂ ልብስ አልብሶ ወደ ባሕር አውርዶታል። ልብሱ ለትልቅ ሰው የተሰፋ ስለ ነበረ ውሃ አስገባ፤ ልጁ ሲወጣ ውሃው ደረቱ ደርሶ ነበር። ይህ ልጅ ኋላ ታላቁ የባዮሎጂ ሊቅ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን ሆኖ፣ በ1939 ቴቲስ በተባለችው የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ 99 ሰዎች ካለቁ በኋላ የአባቱን ምርምር በራሱ ሰውነት ላይ ቀጥሏል። የአባትየውን ድርጊት ግን የጀግንነት ተረት አድርገን ልናወድሰው አንችልም። አደጋውን አመዛዝኖ እሺ ወይም እምቢ ለማለት ያልደረሰን ልጅ ወደ ሙከራ ማስገባት የዛሬው የሕክምና ሥነ ምግባር አይፈቅደውም። በራስ ላይ መሞከር አንድ ነገር ነው፤ በሚያምንህ ሰው ላይ መሞከር ሌላ ነው። ለሚያስተምረው ሰው ልኩ ያልሆነ ልብስ የሚያለብስ አሠልጣኝም ይህችን ታሪክ ደጋግሞ ሊያስባት ይገባል።

ሃልዴን በሁሉ ነገር ትክክል ነበር ማለትም አይደለም። ረዥም ጊዜ በጥልቅ ለሚቆዩ ሰዎች ሰንጠረዡ እንደማይበቃ ኋላ ታውቋል። በ1965 በአሜሪካ የባሕር ኃይል ሐኪሙ ሮበርት ወርክማን ለየሰውነቱ ክፍል የተለያየ ወሰን አወጣ፤ በዙሪክም አልበርት ቡልማን ስሌቱን አሻሻለው። አረፋ በድምፅ ሞገድ መሰማት ከጀመረ ወዲህም፣ ምንም ሕመም በማይሰማው ጠላቂ ደም ውስጥ እንኳ አረፋ ሊኖር እንደሚችል ተረጋገጠ። የሆነ ሆኖ የዛሬ ጠላቂ በእጁ አንጓ ላይ የሚያስረው ኮምፒውተር ሰውነትን ልዩ ልዩ ፍጥነት ባላቸው ክፍሎች ከፍሎ የሚያሰላው ሃልዴን በቀየሰው መንገድ ነው። አሠልጣኙ ሊያስተምር የሚገባውም ይህንኑ ነው፤ መሣሪያው ግምቱን ይነግርሃል እንጂ ደምህን አያይም።

በ1911 ሃልዴን ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በኮሎራዶ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አምስት ሳምንት ተቀምጦ፣ አየር ሲሳሳ ሰውነት እንዴት እንደሚለምድ አጠና። ባሕርና ተራራ ለእርሱ የአንድ ሕግ ሁለት ጫፎች ነበሩ። ይህ ነገር ለእኛ በቀጥታ ይመለከተናል። በዕረፍት ጊዜ በቀይ ባሕር ሲጠልቅ ሰንብቶ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ተማሪ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊቱ ይቀነስበታል፤ ሲወርድም የሚያርፈው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ነው። በሰውነቱ የቀረው ናይትሮጅን ያን ጊዜ አረፋ ሊሆን ይችላል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ለደጋ አገር ተጓዥ 24 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል እንላለን። ከዳሃብ ባሕር ወጥቶ በዚያው ቀን ወደ ሲና ተራራ በመኪና መውጣትም ከዚሁ አደጋ አያመልጥም።

በሚያዝያ 1915 ጀርመኖች በኢፕር ግንባር መርዝ ጋዝ ሲለቁ፣ መንግሥት ሃልዴንን ወደ ፈረንሳይ ላከው፤ ጋዙ ክሎሪን መሆኑን አረጋገጠ። ወደ ቤቱ ተመልሶም መከላከያ ለማግኘት ጋዙን በራሱ ላይ ሞከረ። በዚያው ዓመት ወንድሙ ሪቻርድ የጀርመን ወዳጅ ነው ተብሎ ከሥልጣን ተባረረ፤ አንዱ ወንድም በሐሜት ሲወድቅ ሌላው ለዚያው አገር ወታደሮች ሳንባውን ይሰጥ ነበር። በ1917 ደግሞ ኦክሲጅን ለሕሙማን በሚገባ መጠን የሚሰጥበትን ዘዴ ጽፏል። ዛሬ አንድ ጠላቂ ታምሞ ሲወጣ አሠልጣኙ በመጀመሪያ የሚያነሣው የኦክሲጅን ጠርሙስ ከዚህ ሥራ ጋር የተዛመደ ነው።

የሃልዴን የመጨረሻ ጉዞ ወደዚሁ ወደ እኛ አካባቢ ነበር። በ75 ዓመቱ፣ በነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን የሙቀት በሽታ ለመመርመር ወደ ፋርስና ወደ ኢራቅ መጣ። ወደ ኦክስፎርድ እንደ ተመለሰ በሳንባ ምች ታሞ በመጋቢት 1936 ዐረፈ። ኩስቶና ጋኛን ዛሬ ስኩባ የምንለውን የመጥለቂያ መሣሪያ የሠሩት ከሞቱ በኋላ በ1943 ነው፤ ሃልዴን ሕጉን ያወጣለትን ስፖርት ሳያየው ሄደ።

ለአሠልጣኝነት የሚዘጋጁ ወገኖቻችን ከዚህ ሕይወት የሚወስዱት የድፍረት ምሳሌ ብቻ እንዳይሆን እንመኛለን። ሃልዴን ሠራተኛው ሲወድቅ ሠራተኛውን ከመውቀሱ በፊት አየሩን ለካ፤ ያላሰላውን ጥልቀት ለጠላቂዎቹ አላዘዘም። በባሕር ዳር የሚሠራ አሠልጣኝ የጀልባው ባለቤት ሲያጣድፈው፣ ገንዘብ የከፈለውም ጎብኚ ሲነዘንዘው የሦስት ደቂቃዋን ማረፊያ ለማሳጠር የሚፈተንበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን እምቢ ለማለት ድፍረት የሚሰጠው፣ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣና በማን ሰውነት እንደ ተፈተነ ማወቁ ነው።