ቻርልስ አይቭስና የመድን ወኪልነት ሙያ

የአሜሪካ የሙዚቃ ታሪክ ቻርልስ አይቭስን ከታላላቅ የዜማ ደራሲዎች ተርታ ያሰልፈዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረው በሕይወት መድን ሥራ ሲሆን፣ ሙዚቃውን የሚደርሰው ከቢሮ ከተመለሰ በኋላ በምሽትና በዕረፍት ቀን ነበር። በመድኑ ዓለም የሠራው ሥራ የሙዚቃውን ያህል ባይወራለትም፣ ወኪልነትን ከደጅ ጥናት ወደ ሙያ ካሸጋገሩት ሰዎች አንዱ ነው።

አይቭስ በ1874 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኮኔቲከት ግዛት በዳንበሪ ከተማ ተወለደ። የሙዚቃ ጓድ መሪ የነበረው አባቱ፣ ልጁ ዬል ዩኒቨርሲቲ በገባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ1894፣ ገና በ49 ዓመቱ በድንገት ዐረፈ። ወጣቱ በ1898 ትምህርቱን ጨርሶ ኒው ዮርክ ሲገባ በዘመድ አማካይነት በሙቹዋል የሕይወት መድን ኩባንያ የዓረቦን ስሌት ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠረ። በዓመቱም የዚሁ ኩባንያ ወኪል ወደ ሆነው ወደ ሬይመንድ ድርጅት ተዛወረ፤ በዚያም የኋላ ሸሪኩን ጁልየን ማይሪክን አገኘ።

ሁለቱ ወጣቶች ሥራውን በመላመድ ላይ ሳሉ ሙያውን ያናወጠ ነገር መጣ። በ1905 የኒው ዮርክ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ያቋቋመው የአርምስትሮንግ ኮሚቴ የታላላቆቹን ኩባንያዎች መዝገብ ሲመረምር ብዙ ጉድ ወጣ። የሙቹዋል ፕሬዚዳንት በዓመት 150,000 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ልጁና የሴት ልጁ ባል ከኮሚሽን ይበለጽጉ ነበር፤ መድን የገቡ ሰዎች ገንዘብም ለፖለቲከኞች ይታደል ነበር። አይቭስ የሚሠራበት የሬይመንድ ድርጅትም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተሳሰረ ስለ ነበረ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። የመድን ወኪል የሚለው ስም በሕዝብ ዘንድ በተጠላበት በዚያ ወቅት አይቭስ ገና ከሠላሳ ዓመት ብዙም አላለፈም ነበር።

እርሱና ማይሪክ ግን ሥራውን አልተዉም። በ1907 መባቻ የዋሽንግተን የሕይወት መድን ኩባንያን ውክልና ይዘው ጀመሩ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ለሌላ ሲሸጥ እንደገና ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ይሁንና በ1909 መባቻ ከሙቹዋል ውክልና አግኝተው አይቭስና ማይሪክ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ድርጅቱም ውሎ አድሮ በሀገሪቱ ካሉት ታላላቅ የወኪል ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቃ። ማይሪክ ከሰው ጋር መዋልን የሚወድ ስለ ነበረ የውጭውን ሥራ ያዘ፤ ዓይነ አፋሩ አይቭስ ከኋላ ክፍል ተቀምጦ ወኪሎችን የሚያሠለጥንበትን ትምህርት አዘጋጀ።

የትምህርቱ ፍሬ ነገር ቀላል ነበር። ወኪሉ ሰውየውን ምን ያህል ዓረቦን ሊያስከፍለው እንደሚችል ከመገመቱ በፊት፣ ሰውየው ቢሞት ቤተሰቡ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጎድለው ማስላት አለበት። ለዚሁም አይቭስ የቤተሰቡን ወጪ፣ የልጆቹን ዕድሜና ያለውን ሀብት ያገናዘበ የሒሳብ ቀመር አዘጋጅቶ በጽሑፍ አሰራጨ። በዚህ ቀመር የሚመራ ወኪል የሚሸጠውን ውል መጠን የሚወስነው ከኮሚሽኑ ተነሥቶ ሊሆን አይችልም።

ይህ ስሌት በሀገራችን ሥራ ለሚጀምር ወኪልም ይጠቅማል። ከእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ አዲሱ ገበያ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዘዋወር ጀማሪ ወኪል ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው መልስ እድር አለኝ የሚል ነው። መልሱም እውነት አለው፤ እድር ቀብር ያስፈጽማል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል። ነገር ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀጥላል። ለምሳሌ የአንድ ባለሱቅ ቤተሰብ በወር 8,000 ብር ቢያስፈልገው፣ ሚስቱ 3,000 ብር የምታስገባ ብትሆንና የመጨረሻው ልጅ ራሱን እስኪችል 10 ዓመት ቢቀር፣ የሚጎድለው በወር 5,000፣ በ10 ዓመት 600,000 ብር ነው፤ 100,000 ብር ቁጠባ ቢኖር 500,000 ብር ይቀራል። ወለድና የዋጋ ንረት ሲታሰቡ ቁጥሩ ይለወጣል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ወኪሉ እድርን ሳያጣጥል፣ እድር የሚያበቃበትን ቦታ በቁጥር ማሳየት ከቻለ ሰሚ ያገኛል። ዓረቦኑ ከባለሱቁ አቅም በላይ ሲሆንም አነስ ያለውን ውል መምከር ይኖርበታል፤ በዓመቱ የሚቋረጥ ውል ለቤተሰቡ አይደርስለትምና።

አይቭስ በ1918 ጤናው ክፉኛ ቢታወክም ወደ ሥራው ተመልሶ፣ በ1930 መባቻ በጡረታ ተሰናበተ። ከመድን ባገኘው ገንዘብ የሙዚቃ ድርሰቶቹን ራሱ አሳትሞ ለፈለጋቸው ሁሉ በነፃ አደለ። ለሦስተኛው ሲምፎኒው በ1947 የተሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት ገንዘብም ለሌሎች ሰጠ። በ1954 ዐረፈ። የደረሳቸው ሲምፎኒዎች እስከ ዛሬ ይሰማሉ፤ ወኪሎቹን ያስተማረው ስሌትም፣ ፈጣሪውን የማያውቁ ባለሙያዎች ሳይቀሩ በየቀኑ የሚሠሩበት ሆኖ ቀርቷል።