ማትራክቺ ናሱህ፡- ከተሞችን በብዕሩ ያቆየው ሰይፈኛ

በዛሬው የረመዳን ዓምዳችን በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኦቶማን ቱርክ ግዛት የኖረውን የማትራክቺ ናሱህን ሕይወት እናነሳለን። ናሱህ የሒሳብ ሊቅ፣ የታሪክ ጸሐፊ፣ የቁም ጽሕፈት ባለሙያ፣ ሰይፈኛና ሠዓሊ ነበር። በዘመኑ ያስከበረው የሰይፍና የዱላ ጨዋታው ነው። እስከ ዛሬ ስሙን ያቆዩለት ግን ከጦር ሠራዊት ጋር ሲጓዝ ያያቸውን ከተሞች የሣለባቸው ወረቀቶች ናቸው።

የናሱህ ቤተሰብ የመጣው ከቦስኒያ ነው። የተወለደበትን ዓመት በእርግጠኝነት የሚናገር መዝገብ ባይገኝም፣ በዳግማዊ ሱልጣን ባየዚድ ዘመን ኢንዴሩን በሚባለው የኢስታንቡል ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሯል። በዚህ ትምህርት ቤት ወጣቶች ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ሒሳብና ጽሕፈት ከፈረስ ግልቢያና ከጦር መሣሪያ አያያዝ ጋር ይማሩ ነበር። ናሱህ በቀለምም ሆነ በጉልበት ትምህርቱ ተሳክቶለታል።

ማትራክቺ የሚለው መጠሪያው ማትራክ ከሚባለው ጨዋታ የመጣ ነው። ተጫዋቾቹ በቆዳ የተሸፈነ ዱላና እንደ ትራስ ያለ ክብ መከላከያ ይዘው ይፋለማሉ። ጨዋታው ወታደሮች ሳይቆሳሰሉ ሰይፍ የሚለማመዱበት ዘዴ ነበር። ናሱህ በዚህ ጥበብ ተወዳዳሪ ስላልተገኘለት ሱልጣን ሱሌይማን የሙያው አለቃ መሆኑን የሚመሰክር የማዕረግ ደብዳቤ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1530 የሱልጣኑ ልጆች ሲገረዙ በኢስታንቡል አደባባይ በተደረገው ታላቅ በዓል ላይም ከወረቀት ሁለት ተንቀሳቃሽ ምሽጎች ሠርቶ በውስጣቸው ወታደሮች የውሸት ጦርነት እንዲያሳዩ አድርጓል።

ይህ ሰይፈኛ ከዚያ ቀደም ብሎ ብዕርም ጨብጧል። እ.ኤ.አ. በ1517 ለመንግሥት ጸሐፍትና ለሒሳብ ሠራተኞች የሚሆን የሒሳብ መጽሐፍ አዘጋጅቶ ለሱልጣን ሰሊም አበረከተ። በ1533 ደግሞ ይህንኑ ሥራውን አስፍቶ ኡምደቱል ሒሳብ የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ትልልቅ ቁጥሮችን በፍርግርግ ሣጥኖች ውስጥ እየጻፉ የሚያባዙበትን ዘዴ በዚህ መጽሐፉ አስተምሯል። የታላቁን የታሪክ ጸሐፊ የኢማም አጥ-ጦበሪን የዓለም ታሪክም ወደ ቱርክኛ መልሶ፣ እስከ ራሱ ዘመን ያለውን የኦቶማን ታሪክ ጨምሮበታል።

የናሱህን ስም በዘላቂነት የተከለው ሥራ የተጀመረው ግን በዘመቻ ላይ ነው። ሱልጣን ሱሌይማን በኋላ በ1557 ሠራዊቱ ምጽዋን የያዘበት፣ በእኛም ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሳ ገዢ ነው። ይህ ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ1534 የፋርስ ሳፋቪዶችን ለመውጋት ወደ ምሥራቅ ሲዘምት ናሱህ አብሮ ተጓዘ። ሠራዊቱ አናቶሊያን አቋርጦ ወደ ታብሪዝ ገባ፤ ከዚያም በሱልጣኒያና በሐመዳን በኩል ወርዶ በዓመቱ መጨረሻ ባግዳድን ያዘ። ሱልጣኑ ክረምቱን እዚያው አሳልፎ ወደ ኢስታንቡል የተመለሰው በ1536 መጀመሪያ ላይ ነበር።

ናሱህ በዚህ ሁሉ መንገድ ሠራዊቱ ያረፈባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ መዘገበ። ከዘመቻው በኋላም በ944 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1537 እና 1538 መካከል፣ ጽሑፉን ከሥዕል ጋር አቀናጅቶ ለሱልጣኑ አቀረበ። መጽሐፉ 128 ያህል ሥዕሎች አሉት። ኢስታንቡል፣ ዲያርባክር፣ ሐለብ፣ ታብሪዝና ባግዳድ በግንባቸው፣ በመስጊዳቸው፣ በድልድያቸውና በአትክልት ቦታቸው ተስለዋል። የኢማም አቡ ሐኒፋ መቃብር፣ የኢማም ዓሊ (ረ.ዐ) የነጀፍ መካነ መቃብር እና የኢማም ሑሴን (ረ.ዐ) የከርበላ መካነ መቃብርም ከሥዕሎቹ መካከል ይገኛሉ።

ሥዕሎቹን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው በውስጣቸው አንድም ሰው አለመኖሩን ነው። ዛፍ፣ አበባ፣ ወንዝ፣ መርከብ፣ አንዳንዴም የዱር እንስሳ ይታያል፤ ሱልጣኑም ሆነ ወታደሮቹ ግን የሉም። ይህን የሃይማኖት ክልከላ ብቻ አድርገን እንዳንወስደው በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ሱልጣኖችንና ጦርነቶችን ከነሰዎቻቸው ይስሉ ነበር። እኛ እንደሚመስለን ናሱህ አላፊውን ሠራዊት ትቶ፣ ሠራዊቱ ያለፈበትን አገር ለማሳየት መርጧል። አንዱን ሕንፃ ከፊት ለፊት፣ ሌላውን ከላይ እንደሚያይ ወፍ አድርጎ በአንድ ገጽ ላይ መሣሉም እያንዳንዱ ግንብ በሚገባ እንዲለይ ረድቶታል።

የዚህ ምርጫ ጥቅም የታየው ከዘመናት በኋላ ነው። በኢስታንቡሉ ሥዕል ላይ ዛሬ ከተማዋን የምናውቅባቸው የሱሌይማኒያ መስጊድና የሱልጣን አሕመድ መስጊድ የሉም፤ ሁለቱም ገና አልተሠሩም ነበር። በተቃራኒው፣ ኢስታንቡልን የከፈተው ሱልጣን መሕመድ ያሠራው የመጀመሪያው የፋቲህ መስጊድ በሥዕሉ ላይ ቆሞ ይታያል። ያ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1766 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ በሌላ ተተክቷል። በሱልጣኒያም ናሱህ ከሣላቸው ሕንፃዎች መካከል ዛሬ በቦታቸው የሌሉ አሉ። ተመራማሪዎች የጠፋውን መልክ ሲፈልጉ ወደ እሱ ወረቀቶች ይመለሳሉ።

ናሱህ ከዚያም በኋላ አላረፈም። እ.ኤ.አ. በ1543 የተደረገውን የሃንጋሪ ዘመቻ ጽፎ፣ በዚያው ጊዜ የባርባሮሳ ኸይረዲን መርከቦች የደረሱባቸውን የኒስ፣ የቱሎንና የማርሴይ ወደቦች ሣለ። የሁለቱ ኢራቆች ዘመቻ መጽሐፍ በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ የሃንጋሪው ደግሞ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ናሱህ ያረፈው በረመዳን 16 ቀን 971 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ መጨረሻ 1564 ነው። ይሁንና አንዳንድ የቀደሙ ጸሐፍት በ1533 እንደሞተ ይጽፉ ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ ታላላቆቹ የሥዕል መጻሕፍት የእሱ ሊሆኑ ባልቻሉ ነበር። ይህ ስሕተት የታረመው በኋላ የተነሱ የታሪክ ተመራማሪዎች የእጅ ጽሑፎቹን እርስ በርስ እያስተያዩ በመረመሩ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዩኔስኮ የሞተበትን 450ኛ ዓመት ሲያስብ ስሙ በዓለም ዙሪያ እንደገና ተነሳ።

ናሱህ የፈረሱ ሕንፃዎችን መልክ ለእኛ አቆየ፤ የእሱንም ዕድሜና ሥራ በተራው ያቆዩለት እነዚያው ወረቀቶች ናቸው። በመካከሉ ግን ስማቸው ያልተጻፈ የመጻሕፍት ጠባቂዎች ነበሩ። ከእሳት፣ ከውኃና ከምስጥ ጠብቀው ከትውልድ ወደ ትውልድ ባያስተላልፏቸው ኖሮ፣ በዚህ የረመዳን ወር ስለ ናሱህ የምንጽፈው ነገር ባልኖረን ነበር።