ኢቫን ፓቭሎቭ

አንባቢ ሆይ፥ በአርሲ ደጋ በጮሌ የምትኖር ብትሆን፥ ተርበህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚቆላው ገብስ ሽታ ከደጅ ሲቀበልህ አፍህ ምራቅ እንደሚሞላ ታውቃለህ። በዚያች ደቂቃ ግን ሆድህም ሥራውን እንደ ጀመረ አታይም። ይህን ስውር ሥራ ገልጦ ያሳየን ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ነው።

ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1849 ዓ.ም. ራያዛን በተባለች ከተማ ከቄስ ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ከከፍታ ወድቆ ክፉኛ ስለ ተጎዳ ትምህርት ቤት የገባው በ11 ዓመቱ ነበር። እንደ አባቱ ካህን ይሆን ዘንድ መንፈሳዊ ትምህርት ቢጀምርም፥ በ1870 ትቶት ወደ ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በዚያም ገና ተማሪ ሳለ ስለ ቆሽት ነርቮች ባደረገው ጥናት የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ።

ከሁሉ የሚደነቀው ሙከራው ይህ ነው። የውሻን የምግብ ቧንቧ ከአንገቱ ላይ በቀዶ ጥገና ከፍቶ፥ የተዋጠው ሥጋ ጨጓራ ሳይደርስ ወደ ውጭ እንዲወድቅ አደረገ። ውሻው ይበላል፤ ጨጓራው ግን ባዶ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የጨጓራው ፈሳሽ ይንቆረቆር ጀመር። ከአንጎል ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ሲቆረጥ ደግሞ ፈሳሹ ቀረ። (ለውሻው ማዘንህ አይቀርም፤ እኔም አዝናለሁ።) ትእዛዙ ከአንጎል እንደሚወርድ በዚህ ታወቀ። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምርም በ1904 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ሽልማቱ ከመምጣቱ በፊት ግን አንድ ፈተና ገጥሞት ነበር። በ1902 ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ነርቮቹ በተቆረጡ አንጀት ውስጥ አሲድ ቢጨምሩ፥ ቆሽት እንደ ወትሮው ፈሳሹን አመነጨ፤ መልእክቱ የተጓዘው በደም ነበርና። የቆሽትን ሥራ ሁሉ ለነርቭ ሰጥቶ ለኖረው ለፓቭሎቭ ይህ መራራ ወሬ ነው። ሙከራውን በራሱ ቤተ ሙከራ አስደግሞ ካየ በኋላ አንዳች ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ፤ ሲመለስም እውነቱ የእነርሱ መሆኑን ተቀበለ። በእኔ አስተያየት ከሽልማቱ ይልቅ ይህ ያስከብረዋል።

ፓቭሎቭ በ1936 በሌኒንግራድ በ86 ዓመቱ አረፈ። በደም ያለውን ስኳር የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ ከቆሽት ተለይቶ ወጥቶ ስለ ነበር፥ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት የነርቭን ድርሻ በዚህም ላይ መረመሩ። አብዛኛው ኢንሱሊን የሚወጣው ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ ነው። ነገር ግን ምግብ ገና አፍ እንደ ገባ፥ የደሙ ስኳር ከመጨመሩ አስቀድሞ፥ ቬገስ ቆሽትን ቀስቅሶ ጥቂት ኢንሱሊን ያስወጣል። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ሌሎች ነርቮች ኢንሱሊኑን ይገቱታል፤ ስኳሩም ለሩጫ ይተርፋል።